«ማሪ ዊዝ» አይባልም

ውድ አባባ፣

ባለፈው ሳምንት የእህትህ ልጅ ሱሀይብ እዚህ ማሻ ድረስ መጥቶ ነበር። ኮረሪማ ልገዛ ነው የመጣሁት አለ፤ ግን ኮረሪማውን ሳያይ ቀጥታ ወደ እኔ ቤት ነው የመጣው። ጡረታ መውጣትህን፣ ሚስትህ ልጆቿን ተከትላ አዲስ አበባ መግባቷን፣ ሚዛን ከተማ ባለው ቤት ውስጥ ብቻህን መቅረትህን ነገረኝ። ከዚያ መልእክትህን አደረሰ። በክረምቱ ዕረፍት ሐያትን እንድልክልህ ትፈልጋለህ፤ እንግሊዝኛ ልታስተምራት። «ከልጅነቷ ካልጀመረች ፕሪፖዚሽን ላይ ስትሰናከል ትኖራለች በላት» ብለሃል አሉ።

ይህን ሲነግረኝ ሐያት አጠገቤ ቁጭ ብላ ደብተሯን በጋዜጣ ትሸፍን ነበር። ቀና ብላ «እሄዳለሁ እማ?» አለችኝ። ልጅ ናት፣ አያት እንዳላት ታውቃለች፣ አይታህ ግን አታውቅም። አልመለስኩላትም። መልሱን ለአንተ ነው የምጽፈው። በአማርኛ የምጽፈውም ሆን ብዬ ነው። የሚታረም ነገር ካጣህ ምናልባት የተጻፈውን ታነበው ይሆናል።

አላስተማርከኝም ልል አይደለም። አስተምረኸኛል፣ ያውም በፍቅር። እናቴ በሕይወት ሳለች አንተ ከራት በኋላ አንድ የሻይ ብርጭቆና አንዲት የቡና ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥ ነበር። ፍሬዋን ብርጭቆው ውስጥ ትጥልና «የት ናት?» ትለኛለህ። «ኢን» እላለሁ። ብርጭቆውን ትደፋውና ከላዩ ታስቀምጣታለህ። «ኦን»። ከሥሩ ትደብቃታለህ፣ ከኋላው፣ ከጎኑ፣ በሁለት ብርጭቆዎች መሀል። እናቴ ከጓዳ ሆና «ይህችን ፍሬ ቆልታችሁ ብትገላግሏት ምናለ» ትል ነበር። ቅዳሜ ገበያ ይዘኸኝ ስትወጣም አታቆምም። ሙዙ ጋሪው ላይ ነው፣ ፍየሏ ሰውየው ኋላ ናት፣ ዝንጅብሉ ከጆንያው ውስጥ ነው። ነጋዴዎቹ መምህር ከድር ልጁን ፈረንጅ ሊያደርጋት ነው እያሉ ይስቁብን ነበር። እኔ ግን ያን ያህል የምኮራበት ሰዓት አልነበረኝም። እጄን ይዘህ ነበራ።

አማርኛ ሰነፍ ነው ትለኝ ነበር። አንዲት «በ»ን ይዞ ሁሉን ነገር ይሠራባታል፤ በቤት፣ በዱላ፣ በመኪና፣ በጠዋት። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ የራሱ ቃል አለው፣ ሰው ቋንቋውን ማወቁ የሚለየውም እነዚህን ትንንሽ ቃላት ሲመርጥ ነው ትል ነበር። አምንህ ነበር። አሁንም በዚህ ነገር አልተሳሳትክም።

እናቴ ስትሞት ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ አገባህ። ሚስትህን አልወቅሳትም፤ እሷም እኔም በዚያ ቤት ውስጥ አንዳችን የሌላችንን ቦታ የያዝን ይመስለን ነበር። አሥረኛ ክፍል ስጨርስ ቴፒ፣ እህትህ ዘንድ ሆኜ እንድማር ወሰንክ። አክስቴ ሀጂራ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ነበራት። አባትና እናታችሁ በልጅነትህ ሲሞቱ አዝላ ያሳደገችህ እሷ እንደሆነች ሁልጊዜ ትነግረኝ ነበር። እሷን «አይሆንም» ማለት እንደማትችል ግን አልነገርከኝም። እሱን ራሴ ነው ያየሁት።

ሚዛን መናኸሪያ ስትሸኘኝ አሮጌውን ስልክህን ሰጠኸኝ። በየሳምንቱ በእንግሊዝኛ እንድጽፍልህ፣ በአማርኛ ከጻፍኩ ግን እንደማትመልስልኝ ነገርከኝ። ቴፒ እንደገባሁ መድረሴን ጻፍኩልህ፤ «ቱ ቴፒ» ብዬ ነበር። ወዲያው መለስክ። አራይቭ ካለ ቱ አይከተልም፣ ከተማ ስለሆነ ኢን ነው አልከኝ። ደስ አለኝ። ብርጭቆውና ፍሬዋ ተከትለውኝ የመጡ ነው የመሰለኝ።

በየሳምንቱ ጻፍኩ። ስለ ቴፒ ሙቀት፣ ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት፣ አጠገቤ ስለምትቀመጠው ቤተልሔም። አንተም በየሳምንቱ አረምክ። ጠዋት እማራለሁ፣ ከሰዓት ሱቅ ውስጥ እቆማለሁ፣ ማታ የእቃ መጋዘኑ ውስጥ ከስኳርና ከሳሙና ካርቶን መሀል እተኛለሁ። ቲቶሪያል ቆይቼ ሱቅ በመዘግየቴ አክስቴ የተቆጣችኝ ቀን በእኔ ላይ ተናዳለች ብዬ ጻፍኩልህ፤ «አንግሪ ኦን» ብዬ። «አንግሪ ዊዝ» ብለህ መለስክ። ለምን እንደተናደደች አልጠየቅክም። መምህሩ መጀመሪያ ያርማል፣ አባትየው ኋላ ይደውላል ብዬ ጠበቅኩ። አልደወልክም።

ሱሀይብ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበር። እናቱ ስላዘዘችው ስልኬን ይፈትሽ ነበር። ትምህርቱን ቀድሞ ስላቋረጠ እንግሊዝኛው አይገባውም። ከአባቴ ጋር ምን እንደምንጻጻፍ ሲጠይቀኝ ፕሪፖዚሽን ነው እለዋለሁ፤ ስልኩን ይመልስልኛል። አንተ ያስተማርከኝ ነገር ምን እንደሚጠቅም የገባኝ ያኔ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የማያነበው ቋንቋ ነበረኝ። በወዲያኛው በኩል ደግሞ የሚያነበው አባቴ ነበር። ከዚህ የበለጠ ምን እፈልጋለሁ?

ሙዘይን የሚባለው ሰው መምጣት የጀመረው የቡና ለቀማው ሰሞን ነው። ሸኮ ላይ ቡና እየሰበሰበ የሚነግድ ሰው ነው። ቴፒ በመጣ ቁጥር ምሳውን አክስቴ ቤት ይበላል፤ ሱቅ ገብቶ የማያስፈልገውን ባትሪ ይገዛል። አንድ ቀን አክስቴ ስኳር እየመዘነች፣ ዓይኗን ከሚዛኑ ሳታነሳ ሰውየው ጨዋ እንደሆነ፣ እንደጠየቀኝ፣ ከአንተ ጋር እንደምትነጋገር ነገረችኝ። ከአባትሽ ጋር ስትለኝ ልቤ መለስ አለ። ከአባቴ ጋር ከሆነማ አልቋል፣ አይሆንም ይላታል አልኩ።

ከሱቁ ጓሮ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ ብዬ፣ የምሳ ሰዓቴን በሙሉ አንድ መልእክት ስጽፍ ቆየሁ። በእንግሊዝኛ። ሸኮ ለሚኖር ሰው ሊድሩኝ ነው፣ እኔ አልፈልግም፣ ትምህርቴን መጨረስ እፈልጋለሁ፣ እባክህ ዓርብ መጥተህ ውሰደኝ ብዬ። እያንዳንዷን ቃል አስቤ ነው የጻፍኳት። እንዳታፍርብኝ ፈልጌ ነበር።

ሻይ ሳይፈላ መለስክ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«‹ማሪ ዊዝ› አይባልም። ማሪ ከሆነ ምንም አያስከትልም፤ ማሪድ ከሆነ ቱ ነው። ‹ኦን ፍራይዴይ› ልክ ነው። ጎበዝ።»

በማግስቱ ለቤተልሔም ነገርኳት። እሷ እንደኔ የምታመነታ ልጅ አልነበረችም። ዛሬውኑ ለዳይሬክተሩ እንንገር፣ ከዚያ ሴቶች ጉዳይ ቢሮ እንሂድ፣ ዕድሜሽ አልደረሰም፣ ያስቆሙታል አለች። እኔ አባቴ ይመጣል አልኳት።

«መልሶልሻል?» አለችኝ።

«አዎ፣ መልሷል።»

ስልኩን ሰጠኋት። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው።

«ሐፍሳ፣ ይሄ መልስ አይደለም» አለች።

«አታውቂውም። እሱ እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ያርማል» አልኳት።

ተሟገትኩልህ አባባ። የአባቴን ስም እዚያ ቢሮ አላስነሳም ብዬ እጄን ከእጇ አስለቀቅኩ። ሊረዱኝ የሚችሉ ሰዎች ከትምህርት ቤቱ መንገድ ማዶ ቁጭ ብለው ሳለ፣ አንተን ስጠብቅ አለፉኝ። ስለ አክስቴ ስናገር ድምፄ አይንቀጠቀጥም። ሙዘይንንም ረስቼዋለሁ። ይህን ግን እስከ ዛሬ መዋጥ አቅቶኛል።

ዓርብ ከሚዛን የሚመጣ መኪና ሁሉ ከሱቁ ፊት ነው የሚያልፈው። ደንበኛ እያስተናገድኩ፣ የገንዘብ መልስ እየተሳሳትኩ፣ የሚወርደውን ሰው ሁሉ አየሁ። አልመጣህም። ቅዳሜ እንደገና ጻፍኩልህ። ሰውየውን እፈራዋለሁ ብዬ፣ «አፍሬድ ፍሮም» ብዬ። «አፍሬድ ኦፍ» ብለህ መለስክ።

ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ፤ ከተማው ውስጥ ግርግር ነበርና ለሳምንታት አልተመለሰም። በመጥፋቱ ተጽናናሁ ብልህ ታምነኛለህ? ከዚያ ወዲያ የጻፍኩት ለአባቴ ስላልደረሰው እንጂ ቢደርሰው ኖሮ ይመጣ ነበር የምልበት ምክንያት አገኘሁ።

በኋላ መጣህ። እሑድ ጠዋት ነበር። ጓሮ ልብስ አጥባለሁ፤ ድምፅህን በግቢው በር በኩል ሰማሁ። ልብሴን ቀድሜ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ነበር የማስቀምጠው። አረፋውን እንኳ ከእጄ ሳላጥብ ፌስታሉን ይዤ ሮጬ ወጣሁ። ቡናማውን ኮትህን ለብሰሃል። ከኋላህ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አክስቴ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ታነጥፋለች፣ ሱሀይብ የታረደውን በግ ይሰቅላል። አንተ ፌስታሉን አየኸው። ከዚያ ወደ መሬት አየህ። ወሊዬ ሆነህ፣ በኒካው ልትድረኝ እንደመጣህ የገባኝ ያኔ ነው።

«መልእክቶቼ አልደረሱህም?» አልኩህ።

«ደርሰውኛል» አልክ፣ ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሙ ዝቅ አድርገህ። «እንግሊዝኛሽ ተሻሽሏል።»

ይህን ብለህ ጫማህን አውልቀህ ገባህ።

ሴቶቹ ውስጠኛው ክፍል አስገቡኝ። ሽማግሌዎቹ መጥተው እሺ ትያለሽ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺ ነው አሉት። ከሳሎን አንተ የኒካውን ቃል ስትመልስ ይሰማኝ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ስታስተምር እንደምታደርገው ጥርት አድርገህ ነው የተናገርከው። አንዲት ቃል አልተሰናከልክም።

ስለ ሸኮ ብዙ አልጽፍልህም። ሙዘይን ክፉ ሰው አልነበረም። ፈልጋ ነው ብለውት የወሰደኝ፣ እንደማልፈልግ ሲያውቅ ደግሞ ትለምደዋለች ብሎ የተወው ሰው ነው። ትምህርቴን እንደሚያስቀጥለኝ ለአክስቴ ምሎላት ነበር። ምዝገባ ሲደርስ ቡናው ይግባ አለ፤ ቡናው ሲገባ ወልጄ ነበር፤ ሐያት ስትቆም ደግሞ ሚስት ትምህርት ቤት ስትመላለስ ሰው ምን ይላል አለ። ስልኩን ከወሰደብኝ ቆይቶ ነበር። እንግሊዝኛ የማነበው የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ነበር። በመጨረሻ ሌላ ሴት እንደሚያገባ ሲነግረኝ አላለቀስኩም። በገበያ ቀን ሐያትን አዝዬ፣ ዕቃ የምሸጥ መስዬ ወጣሁና ሚዛን የሚሄድ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ ሁሉ በኋላም ወደ አንተ ነው የመጣሁት። እሱን አስታውሰው።

ዝናብ ይዘንብ ነበር። በሩን ራስህ ከፈትክልኝ። ሐያትን አየሃት፣ እኔን አየኸኝ፣ ወንበር ሰጠኸኝ። ሚስትህ ሻይ አመጣች፤ እውነቱን ልንገርህና በዚያን ቀን በቤትህ ውስጥ ሰው የነበረችው እሷ ናት፣ የልጄን እርጥብ ልብስ አወለቀችልኝ። ያን ሁሉ ዓመት ልጠይቅህ የፈለግኩትን ጠየቅኩህ። ስጽፍልህ አልገባህም ነበር ወይ አልኩህ። አልገባኝም ነበር ብትለኝ ኖሮ አምንህ ነበር። ለቤት ሥራ ነው ብዬ ነው ያነበብኩት ብትለኝ ዛሬ ሐያት ቤትህ ውላ ታድር ነበር።

«ገብቶኝ ነበር» አልክ። መነጽርህን አውልቀህ በሸሚዝህ ጠረግከው። «ሀጂራ ቀድማ ደውላልኝ፣ እሺ ብያት ነበር። አንቺ ስትጽፊልኝ ምን ብዬ እንደምመልስልሽ ጠፋኝ። የማውቀውን መለስኩልሽ።»

እንደ ይቅርታ ነበር የተናገርከው። እኔም ለአፍታ እንደ ይቅርታ ልወስደው ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ተነስተህ ወደ ውስጥ ገባህ። የልጅቷን ጨርቅ ልቀይር ስገባ በስልክ ስታወራ ሰማሁህ። እዚህ ናት፣ ነገ ጠዋት መጥተህ ውሰዳት፣ አትቆጣት ትለው ነበር ሙዘይንን። አትቆጣት ማለትህን አልረሳሁልህም። ግን ሻዬን ሳልጨርስ ልጄን መልሼ አዘልኳት። ሚስትህ የራሷን ሹራብ ሐያት ላይ ጣለችላት። አንተ በሩ ላይ ቆመህ ነበር፤ መንገዱን ለቀቅክልኝ እንጂ አላስቀረኸኝም፣ የት ልትሄጂ ነው ብለህም አልጠየቅክም። ሸኮ ላይ መኪናው ሰው ሊያወርድ ሲቆም ሻሼን ፊቴ ላይ ስቤ ልጄን ደረቴ ውስጥ ደበቅኳት። ቴፒን አልፌ ማሻ ገባሁ።

ማሻ ውስጥ ቤተልሔም ነበረች፤ ጤና ጣቢያ ተመድባ ትሠራ ነበር። አንድም ቀን ነግሬሽ አልነበረም ወይ አላለችኝም። አልጋዋን ለእኔና ለልጄ ለቅቃ እሷ ፍራሽ ላይ ተኛች። በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ ከዚያ የመምህራን ኮሌጅ ገባሁ። ሱሀይብ ነግሮህ ይሆናል፣ ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሌላ ትምህርት መምረጥ እችል ነበር። የኔ ስለሆነ አልተውኩትም፤ አንተ ብትሰጠኝም የኔ ነው።

ፕሪፖዚሽንም አስተምራለሁ። ልጆቹ በቤታቸው በሌላ ቋንቋ ይናገራሉ፣ አማርኛን ከመንገድ ይለምዳሉ፣ እንግሊዝኛው ሦስተኛ ሆኖ ይመጣባቸዋል። ኢንን ከአት፣ ባይን ከዊዝ ሲያምታቱ አይገርመኝም። አርማለሁ፣ በቀይ አርማለሁ፣ አልራራላቸውም። አምና ግን ዲቦራ የምትባል ተማሪ ስለ ቤተሰቤ በሚል ርዕስ ስትጽፍ አጎቷ ቤት እንደምትኖር፣ አጎቷ በገመድ እንደሚመታት ጻፈች። «ባይ ሮፕ» ነበር ያለችው። ወረቀቱን ሳላርም አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና በዕረፍት ሰዓት ጠራኋት። መጀመሪያ አልናገር አለች። ቆየሁላት። ስትናገር ደወሉ ተደወለ፣ ሌላው መምህር ክፍሉን ያዘልኝ፣ እስክትጨርስ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁለታችን ሆነን ወደ ዳይሬክተሩ ሄድን። ዛሬ እናቷ ዘንድ ናት። ባይ የሚለውን ከሳምንት በኋላ አረምኩላት። ምንም አልጎደለባትም።

ይህን ያህል ነበር የሚፈጀው አባባ። አንድ የዕረፍት ሰዓት።

አክስቴ አሳድጋሃለች፣ እሷን መቃወም ከበደህ፣ አውቃለሁ። ፈሪ ሰው መሆን ሐራም አይደለም። ፈራሁ ብለህ ብትጽፍልኝ፣ በየትኛውም ቋንቋ፣ ከነስህተቱ፣ እኔ ራሴ መላ እፈልግ ነበር፤ ከቤተልሔም ጋር መንገዱን እሻገር ነበር። አንተ ግን ጎበዝ አልከኝ። እኔም ጎበዝ የተባልኩት አባቴ ከእኔ ጋር ስለሆነ መስሎኝ ጠበቅኩህ።

ሐያትን አልልክልህም። ለክረምቱም፣ ለሳምንትም፣ ለአንድ ቀንም። ሱሀይብን ደግመህ አትላክ፤ እሱንም በሩ ላይ ላቆመው አልፈልግም።

ልታያት ከፈለግክ ራስህ ና። መንገዱ ረጅም ነው፣ ክረምት ሳይገባ ብትነሳ ይሻልሃል። ማሻ ስትወርድ የመምህርት ሐፍሳን ቤት ብለህ ጠይቅ፣ ያሳዩሃል። መጽሐፍ ይዘህ አትምጣ። ምግብ እሰጥሃለሁ፣ ማደሪያም እሰጥሃለሁ፤ የአባት ወጉ ስለሆነ ነው፣ ይቅር ስላልኩህ አይደለም። እንዴት ነሽ በላትና ተቀመጥ። ወሬኛ ናት፣ ታወራሃለች። አማርኛውን ከሰፈሩ ቋንቋ ጋር ታደባልቀዋለች፣ ወንዱን ሴት ታደርገዋለች፣ ከመሀል ጀምራ ወደ መጀመሪያው ትመለሳለች። እንግሊዝኛም ጣል ታደርግብሃለች፣ ልታስደንቅህ። እኔ አጠገባችሁ እሆናለሁ። እስክትጨርስ ድረስ ስማት። ሳትጨርስ ካረምካት ኮትህን አምጥቼ መናኸሪያ ድረስ እሸኝሃለሁ።

ልጅህ
ሐፍሳ ከድር
ማሻ